የጣርማ በር ጂኒዎች

አዲስ አበባ
የካቲት 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ፋዲላ፣

ሰላምታዬ ከእነ ቤተሰብሽ ይድረስሽ። እኔና ባለቤቴ ደህና ነን። ጾሙ ከገባ ወዲህ ሆዴ ቀሎኛል፤ ወገቤ ግን እንደነበረው ነው። የሮቢት ሙቀት ለወገቤ መድኃኒት እንደነበረ ያወቅሁት ተዛውሬ እዚህ ብርድ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።

ምስሎቹ ለኤግዚቢሽኑ በማን ስም ይቀርባሉ ላልሽኝ፣ በአንቺ ስም ነው። ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ አቅልጦ በቅርጽ ማፍሰስ እንደ እኔ ላለ የጋራዥ ሰው ከባድ ነገር አይደለም። ማንም የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ቀለሙ ደግሞ ያንቺ ነው። በሮቢቱ እርሻ ዕቃ ግምጃ ቤት አብረን ከምንሠራበት ጊዜ ጀምሮ የማውቀው እጅ ነው። ስለዚህ «ፋዲላ አብዱረሂም፣ ሸዋ ሮቢት» ተብለሽ ተመዝግበሻል።

የመዘገበሽ ጓድ ሞገስ ይባላል። የሠራተኞች የእደ ጥበብ ኤግዚቢሽን አዘጋጅ ነው። ሚያዝያ 1 ተከፍቶ እስከ ሠራተኞች ቀን ይቆያል፤ ሽልማት ያለው ውድድርም አለበት። ቀድሞ የቀባሽውን ባለ ክንፍ ፈረስ በኪሴ ይዤ ሄጄ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩለት።

«ምንድን ነው ይሄ? የልጅ አሻንጉሊት?» አለኝ።

«ጨዋታ ነው፤ የሚጫወተው ግን አዋቂ ነው።»

«ምን ዓይነት ጨዋታ?»

አስረዳሁት። ጠረጴዛው የይፋት ቆላ ነው፤ በአንዱ ጫፍ የጣርማ በር ተራራ አለ። ጂኒዎቹ ከጣርማ በር ጉም ውስጥ ይወርዳሉ። የቆላው ሰዎች ደግሞ ሮቢ ወንዝን ሳይሻገሩ ሊያቆሟቸው ይሞክራሉ። አንድ ወገናቸው የጠቆረ የበቆሎ ፍሬዎች ይጣላሉ፤ ጥቁሩ በወጣው ልክ አንዱ ምስል ይራመዳል። ሁለት ምስሎች ሲገናኙ ይዋጋሉ። የእርሻው የውጭ አገር የፓምፕ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ከተወልን ጨዋታ ተነስተን የራሳችንን እንዳበጀን ነገርኩት።

«ማን ያሸንፋል?»

«እስካሁን ብዙ ጊዜ ጂኒዎቹ ናቸው።»

«ጂኒዎቹ እነማን ናቸው? አድኃሪያን ናቸው?»

«ጂኒዎች ናቸው» አልኩት።

ትንሽ አየኝና መዘገበ።

የአጎትሽ ልጅ ሁሴን በጭነት መኪናው ወደ አሰብ ሲያልፍ ይህን ደብዳቤና አንድ ካርቶን ያደርስልሻል። ካርቶኑ ውስጥ በጥጥ የጠቀለልኩት የጂኒዎቹ ንጉሥ አለ። ሦስት ጊዜ አፍስሼ ነው የወጣልኝ፤ ሁለት ጊዜ ጥምጣሙ ላይ አየር እየገባ ጎደለብኝ። እሱን ቀብተሽ፣ ከሌሎቹ ጋር እስከ መጋቢት አጋማሽ ላኪልኝ። ሁሴን መንገድ ላይ እንዳያስነብበው ፖስታውን በሙጫ አሽጌዋለሁ።

ሽፈራው


ሸዋ ሮቢት
መጋቢት 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሽፈራው፣

አላህ ወገብዎን ያሽርልዎ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባባም ሰላም ብለዎታል።

ምስሎቹን ትላንት ለሁሴን አስረክቤያለሁ። ከአሰብ ሲመለስ ሳይናገር መጣና ሞተሩን ሳያጠፋ «አሁን ካልሰጠሽኝ ሄጃለሁ፤ ጭነቱ ዓሣ ነው» አለኝ። ጨው ነበር የጫነው። ይህ ደብዳቤ ገና አላለቀም ነበር። ቢያልቅም አልሰጠውም። እሱ ማንበብ ባይችልም የሰው ደብዳቤ ደብረ ሲና ላይ ሻይ እየጠጣ አስነብቦ ነው የሚያልፈው። ያንን ሙጫዎን እንዴት እንደከፈተው አላውቅም፤ ጓድ ሞገስ ያለውን ግን ከእኔ በፊት ሰምቶታል። የአሁኑ የአባባ ጉዳይ ስላለበት በፖስታ ልኬዋለሁ።

በዚህ ሙቀት ቀለሙ እንዴት አይደርቅብሽም ብለው ቀድሞ ለጠየቁኝ፣ ይደርቃል። ከጠርሙሱ ወጥቶ እርሳሱ ላይ ሳይደርስ ብሩሹ ጫፍ ላይ ይደርቃል። ስለዚህ ከሥራ ወጥቼ፣ የዐስርን ሶላት ሰግጄ ከማንጎው ሥር እቀመጣለሁ። በዚያ ሰዓት ከጣርማ በር በኩል ነፋስ መውረድ ይጀምራል። ቀለሙን በጠርሙስ ክዳን አድርጌ፣ ክዳኑን ውሃ በያዘ ሳህን ላይ አንሳፍፈዋለሁ። ብሩሹ የፍየል ጸጉር ነው፤ ፊት ለመቀባት ከሦስት ጸጉር በላይ አላስርም። መግሪብ ሲል እነሳለሁ። በቀን አንድ እጅጌ፣ ወይም አንድ ክንፍ፣ ከዚያ አይበልጥም።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። ምስሎቹን ሲያዩዋቸው ዓይን የላቸውም። ረስቼ አይደለም።

አባባ ልጆችን ቁርአን የሚያስቀሩ መምህር መሆናቸውን ያውቃሉ። መጀመሪያ ብሩሽ ይዤ ያገኙኝ ቀን አጠገቤ ተቀመጡ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጂኒ ነው፣ አባባ።»

«ጂኒ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላየሁ። እንግዲህ አይመስልም ብሎ የሚከራከርሽ የለም» አሉና ሳቁ።

ከዚያ ሳቁን ትተው ነገሩኝ። ነፍስ ያለው ነገር ምስል መሥራት በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ነፍስ የሚሰጠው አላህ ብቻ ነው። ጨርሶ የሚከለክሉ ዑለማዎች ብዙ ናቸው። አባባ ግን ፊቱ ካልተሟላ ምስል አይባልም የሚለውን ቃል ይዘው ፈቀዱልኝ። «ዓይን አታድርጊለት። ዓይን ያደረግሽለት ቀን ብሩሹን ታስቀምጫለሽ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ቃሌ ይህ ነው፤ ብሩሹ በእጄ ያለውም በዚህ ቃል ነው።

መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። አሁን አይከፋኝም። ከጥምጣሙ ሥር ጥላ እጥላለሁ፤ ጥቁሩን ከሰማያዊ ጋር አዋህጄ፣ በቲነር አቅጥኜ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እደርባለሁ። ጉንጩ ላይ ብርሃኑን የማስቀምጠው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ንጉሡን ይዘው ወደ መስኮት ይሂዱ። ወዴት እንደሚያይ ያውቃሉ። ዓይን ግን የለውም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ እርስዎም አላስተማሩኝም።

እንዳሉ ይቅረቡልኝ። ማንም እንዳይነካቸው አደራ።

ፋዲላ


አዲስ አበባ
መጋቢት 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ፋዲላ፣

ካርቶኑ በደህና ደርሷል። ክንፍ አልተሰበረም፣ ጦር አልጎበጠም። ደብዳቤ አለመኖሩን ሳይ ሁሴንን ጠየቅሁት። «ጽፋ ጨርሳ ቢሆን እዚህ ከመድረሴ በፊት አውቀው ነበር» አለኝ። አላፈረም።

ሁሉንም ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኳቸው። ባለቤቴ ሽንኩርት መክተፏን ትታ መጣች። የባለ ሁለት ራሱን ዘንዶ ቅርፊት አንድ በአንድ መቀባትሽን አይታ «ይቺ ልጅ ሌላ ሥራ የላትም እንዴ?» አለች። ከእሷ አፍ ይህ ምስጋና ነው። እኔ የአውቶቡስ ጎን ላይ ስጽፍ፣ ሰሌዳ ስቀባ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የንጉሡን ካባ እጥፋት ግን እንዴት እንዳወጣሽው አላወቅሁም። የእኔ ተማሪ ናት ብዬ ለጋራዡ ሁሉ አሳይቻለሁ።

ትንሽ የቀረ ነገር ነበር። ጊዜ አጥሮሽ ይሆናል፣ ወይ እጅሽ ፈርቶ። በዚህ አትፈሪ። የሁሉም ሰው እጅ እዚያ ሲደርስ ይፈራል፤ እኔም በወጣትነቴ አንበሳ ስሥል ለመጨረሻ የማስቀረው እሱን ነበር። አትጨነቂ። ትላንት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መነጽሬን አድርጌ ተቀምጬ ሁሉንም ጨርሼልሻለሁ። ስትመጪ ታዪዋለሽ። አሁን ምንም የጎደላቸው ነገር የለም።

ሁሴን ነገ ወደ አሰብ ይመለሳል። በእሱ ልኬልሻለሁ።

ሽፈራው


ሸዋ ሮቢት
መጋቢት 24 ቀን 1979 ዓ.ም.

ጋሼ ሽፈራው፣

ደብዳቤዎ ትላንት ደረሰኝ። በፖስታ የላክሁት እንዳልደረሰዎት ገባኝ።

ምኑን ነው የጨረሱልኝ?

ሌላ ነገር ከሆነ ለዚህ አጻጻፌ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዓይን ከሆነ ግን ሳይደብቁ ይጻፉልኝ። እጅሽ ፈርቶ ስላሉት ስንገናኝ እመልሳለሁ።

ፋዲላ


አዲስ አበባ
ሚያዝያ 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ፋዲላ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አባትሽስ እንዴት ናቸው? እዚህ በልጉ ዘንቦ ጭቃው መንገዱን ዘግቶታል። ባለቤቴ ለፋሲካ ዶሮ ገዝታ፣ ዶሮው ጋራዥ ድረስ እየተከተለኝ መሳቂያ ሆኛለሁ። መልስ ያዘገየሁት ታምሜ አይደለም። ሥራ በዝቶብኝም አይደለም። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ።

የፖስታ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ኤግዚቢሽኑ በተከፈተ ዕለት ነው። ከአዳራሹ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገብቼ አነበብኩት። ባለቤቴ ፊቴን አይታ «ማን ሞተ?» አለችኝ።

ዓይን አድርጌላቸዋለሁ። ለሁሉም፣ ለፈረሱም ሳይቀር። በነጭና በጥቁር።

ይቅርታ ብዬ ብጽፍ ወረቀቱ ይሞላል እንጂ ዓይኑ አይጠፋም። ስለዚህ ያለውን ልንገርሽ፤ የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

ጠረጴዛሽ አዳራሹ መሃል ነው። ሰው ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚከበው እሱን ነው። ትላንት ዳኞቹ ሲመጡ አንደኛው ማጉያ መነጽር አውጥቶ አጎነበሰ። «የስንዴ ቅንጣት የማታህል ፊት ላይ ዓይን» ብሎ ሌሎቹን ጠራቸው። ማታ ጓድ ሞገስ ለብቻዬ ጠርቶ አንደኛ እንደ ወጣሽ ነገረኝ። እስከ ሠራተኞች ቀን በይፋ አይነገርም። ሽልማቱ ከውጭ አገር የመጣ የብሩሽና የቀለም ሣጥን ነው። አይቼዋለሁ። ጫፋቸው መርፌ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ብሩሽ በእጄ ይዤ አላውቅም።

ቢታረምስ ብዬ ጠየቅሁት። ለዕይታ የቀረበ ሥራ ከተነካ ከውድድር ይወጣል አለኝ። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ ሰውየው ክፉ አይደለም።

አንዱ መንገድ ይህ ነው፦ እስከ መጨረሻው እንዳሉ ይቁሙ። ሽልማቱን ተቀበይ። በማግስቱ እኔው በቲነር አጠፋዋለሁ። አባትሽ አዲስ አበባ አይመጡ፤ ማን ይነግራቸዋል? ሁሴንን አፉን አስይዘዋለሁ። ሌላውን መንገድ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። አንቺ እንዳልሽው ንጉሡን ይዤ ወደ አዳራሹ መስኮት ሄጄ ነበር፤ ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ። ወደ ቀኝ አዞርኩት፣ ወደ ግራ አዞርኩት። ዓይን ካደረግሁለት ወዲህ የትም አያይም።

ሽፈራው


ሸዋ ሮቢት
ሚያዝያ 7 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጋሼ ሽፈራው፣

አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እትዬን ሰላም ይበሉልኝ፤ ዶሮውንም።

ማን ይነግራቸዋል ብለው ጽፈዋል። እኔ ነገርኳቸው። ደብዳቤዎን ባነበብኩ ዕለት፣ ከመስጊድ ሲመለሱ ጠብቄ።

«አንቺ ነሽ ያደረግሽው?» አሉኝ።

«አይደለሁም።»

«የተጻፈው የማን ስም ነው?»

«የእኔ።»

«እንግዲያ የሚያየው ሰው ያንቺ ነው የሚለው።»

ብሩሹን አስቀምጪ አላሉኝም፤ ያዢውም አላሉኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ብሩሹን ከማንጎው ሥር አንስቼ ጣሪያው ላይ ሻጥኩት፤ እስካሁን እዚያው ነው።

ሽልማቱን አልፈልግም ብዬ አልዋሽዎትም። የዚያን ሣጥን ነገር ካነበብኩ ወዲህ ሥራ ላይ የመለዋወጫ ቁጥር እየተሳሳትኩ ነው። የፍየል ጸጉር በክር እያሰርኩ ነው እዚህ የደረስኩት፤ እንዲያ ያለ ብሩሽ ቢኖረኝ ምን እንደምሠራ አውቃለሁ። አንደኛ የወጣው ግን የእርስዎ ዓይን ነው። የእኔ ሥራ ገና በማንም አልታየም።

ስለዚህ ራሴ እመጣለሁ። የእርሻው ኃላፊ ፈቃድ ሰጥቶኛል። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰኞ በሁሴን መኪና ተነስቼ ማታ እርስዎ ዘንድ እገባለሁ፤ ማክሰኞ ጠዋት አዳራሹ ስንሄድ አብረውኝ ይሁኑ። ቲነር ያዘጋጁልኝ። ከእርሻው ዕቃ ቤት ለራሴ ጉዳይ አላወጣም። እስከዚያ ማንም አይንካቸው፤ በተለይ እርስዎ።

እትዬ ስለ ምግቤ እንዳይጨነቁ። የሥጋውን ነገር ያውቃሉ፤ ዳቦና ሻይ ይበቃኛል።

ሁሴን ወሬውን ከአፌ አላወጣሁም ብሎ ይምላል። ካራቆሬ ላይ ግን የሼህ አብዱረሂም ልጅ አዲስ አበባ ጣዖት አቆመች እየተባለ ነው ብለው ገበያተኞች ነግረውናል። አባባም ሰምተዋል።

ፋዲላ


አዲስ አበባ
ሚያዝያ 24 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ፋዲላ፣

እንኳን በሰላም ገባሽ። ረመዳኑን በደህና ያስፈጽማችሁ። በፋሲካ ማግስት ለአንቺ ሲባል ከቤታችን የሽሮ ሽታ ሲወጣ ጎረቤቶቻችን ባለቤቴ ቂም ይዛብኝ መስሏቸው ሊያስታርቁን መጥተዋል።

ከሄድኩ በኋላ ምን ተባለ ብለሽ ጠይቀሻል። ከመሄድሽ በፊት የነበረውንም እጨምራለሁ፤ ጀርባሽን ሰጥተሽ ስለነበር አላየሽውም።

ጓድ ሞገስ «ከነካሽው ከውድድር ይወጣል፣ ገብቶሻል?» ሲልሽ «ገብቶኛል» ብለሽ የቲነሩን ክዳን ስትከፍቺ፣ ሰውየው እጁን ዘርግቶ ሊይዝሽ ብሎ ተወው። ወደ እኔ መጣና በጆሮዬ «ሣጥኑን አላየችውም መሰለኝ፤ ላምጣው?» አለኝ። «እንዳታመጣው» አልኩት። ብታዪው ኖሮ ታቆሚ ነበር ብዬ አይደለም። እኔ ብሩሾቹን ሁለተኛ ማየት ስላልፈለግሁ ነው።

መጀመሪያ ሰዎቹ ራቅ ብለው ነበር። የተበላሸ ነገር የምትጠግኚ መስሏቸዋል። በጥጥ ጫፍ የመጀመሪያውን ዓይን ስታነሺ አንዲት ሴት «አጠፋችው» ብላ ጮኸች። ከዚያ ቀረቡ። ያ ባለ ማጉያ መነጽሩ ዳኛ ሰውን እየገፋ መጣ።

«ምን እያደረገች ነው?» አለኝ።

«እያረመች ነው።»

«ማንን?»

«እኔን» አልኩት።

ቆመ። እስከ ምሳ ሰዓት ቆመ። የንጉሡን ፊት መልሰሽ ስትጨርሺና ስታስቀምጪው ጠረጴዛውን በአንድ ወገን ዞረ፣ በሌላው ወገን ዞረ። ማጉያውን አውጥቶ አጎነበሰና መልሶ ኪሱ ከተተው። «እንዲህ ሆኖ ቢመጣ ኖሮ» አለና ሌላውን ቃል አልጨረሰውም። የሚጨርሰው ቃል የእኔ ጥፋት ነው።

ሽልማቱ ትላንት ተሰጠ። ከእንጨት ትራክተር የሠራ የሰበታ ሰው ወሰደው። ጎማው ይዞራል። መጥፎ ሥራ አይደለም። ጠረጴዛሽ ግን እስከ መጨረሻው እዚያው መሃል ነበር፤ ሞገስ አላነሳውም። «ፋዲላ አብዱረሂም፣ ሸዋ ሮቢት» ከሚለው ሥር በእጁ «ከውድድር ውጪ» ብሎ ጻፈበት። ያንን ያነበበ ሰው ሁሉ ለምን እያለ ስለሚጠይቅ፣ ከትራክተሩ የበለጠ ሰው የቆመው አንቺ ጋ ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ ነግሬያለሁ፣ የእኔን ድርሻ ሳልቀንስ።

ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ ያደረግሽውን ለባለቤቴ ብቻ ትቼዋለሁ ብዬሽ ነበር። አልተውኩትም። ጋራዥ ውስጥ አውርቻለሁ። «እጅሽ ፈርቶ ነው ብለውኛል» ብለሽ ከጣሪያ አውርደሽ ያመጣሽውን ብሩሽ ከቦርሳሽ አውጥተሽ፣ የግራ አውራ ጣትሽ ጥፍር ላይ አንድ ዓይን የሠራሽውን። ሽፋሽፍቱን አንድ በአንድ፣ ውስጡ የመስኮቱ ብርሃን ሳይቀር። እኔ ገና መነጽሬን ስፈልግ በቲነር ጠርገሽው ሻይሽን ጨለጥሽ። «እኔ እኮ አላየሁትም» ብዬሽ «እትዬ አይተውታል» አልሽኝ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትኮራብኛለች።

ምስሎቹን ሁሴን ያመጣልሻል። ሁሉም እንዳደረግሻቸው ናቸው። አሁን ጠያቂው እኔ ነኝ። አባትሽ ምን አሉ? ብሩሹስ?

ሽፈራው


ሸዋ ሮቢት
ግንቦት 7 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሽፈራው፣

ለወገብዎ መታሻ ብዬ ለእትዬ የላክሁላቸው የፌጦ ዘይት በሁሴን እጅ ነው፤ ደብረ ሲና ላይ ለሰው ካልሸጠው ይደርስዎታል። እኛ ጾሙን ይዘን ደህና ነን። ሙቀቱ ከብዷል፤ አላህ ያግዛል።

ብሩሹስ ላሉኝ፣ ይዤዋለሁ። እንዴት እንደያዝኩት ልንገርዎ።

ከአዲስ አበባ እንደተመለስኩ አባባ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዓይኑን ያጠፋሽው በሰው ፊት ነው?»

«አዎ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት።»

«ደግ» አሉ። በዚሁ ተለያየን። እኔም ስለ ብሩሹ አልጠየቅሁም፤ ጠይቄ መልሱን መስማት ፈራሁ። ከአዲስ አበባ ይዤው እንደተመለስኩ መልሼ ጣሪያው ላይ ሻጥኩት። ከሥራ ስመለስ እጄን የማደርግበት ስለማጣ የመለዋወጫ መደርደሪያውን ሁሉ እንደ አዲስ ቀባሁት። ኃላፊው አመሰገነኝ።

ምስሎቹ በመጡ በሁለተኛው ሐሙስ አባባ ለማፍጠሪያ እንግዳ እንዳለ ነገሩኝ። እንግዳው የካራቆሬው ሼህ ሷሊሕ ናቸው። በልጅነታቸው ከአባባ ጋር ከአንድ ቁርአን የተማሩ፣ በሃይማኖት ጉዳይ ግን ለወንድማቸውም የማይመለሱ ሰው ናቸው። ጣዖት አቆመች የሚለውን ወሬ ሰምተው ለማየት እንደመጡ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። ከእሳቸው ጋር ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ።

በቴምር አፈጠሩ፣ መግሪብን ሰገዱ፣ ሾርባውን ጠጡ። ከዚያ አባባ ጠሩኝና «ጠረጴዛሽን አምጪ» አሉኝ። አመጣሁ። ምስሎቹን በየቦታቸው አቆምኩ፤ ጂኒዎቹን ጣርማ በር፣ ሰዎቹን ከወንዙ ወዲህ። ጨርሼ ከመጋረጃው ማዶ ሄድኩ።

መጀመሪያ የተናገሩት ከሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው። «ይሄ ጣርማ በር ነው እንዴ? በዚህ በኩል እኮ ገደል ነው፤ ጂኒም ቢሆን ይሰበራል» አሉ። ሳቁ። ሼህ ሷሊሕ አልሳቁም። ንጉሡን አንስተው በመዳፋቸው እንደያዙት በመጋረጃው ክፍተት አየሁ።

«ይሄ ምን አድርጌው ነው እንዲህ የሚያየኝ?» አሉ።

ፋኖሱን አስቀረቡ። ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አገላበጡት፣ በአውራ ጣታቸው ፊቱን ዳበሱት። ውጪ መንገዱ ላይ የጭነት መኪና አለፈ።

«ዓይን የለውም» አሉ።

«የለውም» አሉ አባባ።

ሼህ ሷሊሕ ሁለተኛውን አነሱ። ሦስተኛውን አነሱ። ፈረሱን አነሱ። ሁሉንም አንድ በአንድ እያነሱ ፋኖሱ አጠገብ ደረደሯቸው፤ የጨዋታው ሥፍራ ሁሉ ተበላሸብኝ። ከዚያ ወደ አባባ ዞሩ።

«ዓይን መሥራቱ አልሆነላትም ማለት ነው?» አሉ። የሹፈት አልነበረም፤ የእውነት ጥያቄ ነበር።

አባባ እቤት ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉ ሰው አይደሉም፤ ያውቋቸዋል። ያን ጊዜ ግን ከመጋረጃው ማዶ ሳህን ይዤ ለቆምኩት ለእኔም እንዲሰማኝ አድርገው ተናገሩ።

«ትችላለች» አሉ። «ትችላለች፤ አላደረገችም።»

ፋዲላ አብዱረሂም